የፖስታና ቴሌኮም ማሰልጠኛን ማዛወር፦ ከወንበሩ ሳይሆን ከሜዳው መጀመር

ማሰልጠኛው ይዛወር ሲባል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ስንት ክፍል አለ፣ ስንት መኪና ይበቃል የሚል ነው። ወንበር፣ ሰሌዳና ፕሮጀክተር ግን በ2 ቀን ተጭኖ ይራገፋል። ወራት የሚበሉት ሰልጣኝ የሚወጣባቸው ምሰሶዎች፣ የማማው መሠረት፣ ማንሆሎቹ (ከመሬት በታች ያሉት የኬብል ጉድጓዶች)፣ ግራውንዲንጉ (መሣሪያውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው መስመር)፣ የባትሪ ክፍሉና ከውጭ የሚገባው መስመር ናቸው። አብዛኞቹ ተነቅለው አይሄዱም፤ አዲሱ ግቢ ላይ እንደ አዲስ ይሠራሉ። ዕቅዱም ከእነሱ ይጀምራል።

1. ቀኑን ከመጨረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

አዲሱ ዙር የሚጀምርበትን ቀን ያዙና ወደ ኋላ ሂዱ። የመጨረሻው 1 ሳምንት የሙከራ ነው፤ ሰልጣኝ አይገባበትም። ከሱ በፊት 2 ሳምንት የላቦራቶሪ ተከላ፣ ከዚያ በፊት 1 ሳምንት ማጓጓዣ። ከነዚህ ሁሉ በፊት ኮንክሪቱ አለ፦ የማማ መሠረት ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ከቁፋሮው፣ ከብረት ሥራውና ከሙሌቱ ጋር 7 ሳምንት ይወስዳል። ለግቢ ምርመራ 2፣ ለቆጠራ 3 ሳምንት ጨምሩ። ድምሩ 16 ሳምንት ነው።

ቁጥሩ አያስደንግጥ። የመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት በሙሉ አሮጌው ትምህርት ቤት እያስተማረ የሚሠሩ ናቸው። በሩ የሚዘጋው ለመጨረሻዎቹ 4 ሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ በሁለት ዙር መካከል የ4 ሳምንት ክፍተት ካለ ይበቃል፤ ችግር የሚመጣው ሜዳውም ከወንበሩ ጋር በዚያው ክፍተት ይሠራ ሲባል ነው። ያኔ ሰልጣኞች ገብተው ሁለት ወር ቲዎሪ ብቻ ይማራሉ፤ ምሰሶ መውጣት የሚጀምሩት ፈተናው ሲደርስ ነው።

የኃይልና የኢንተርኔት መስመር ማመልከቻ ግቢው በተፈረመበት ቀን ይግባ። ማመልከቻው ላይ ባለ 3 ፌዝ መሆኑን፣ ሬክቲፋየሮቹና (ኤሲን ወደ ዲሲ የሚቀይሩት) ማቀዝቀዣዎቹ በአንድ ላይ ሲነሱ የሚወስዱትን ኃይል ጻፉ። «እንደ ድሮው» ተብሎ የቀረበ ማመልከቻ የቢሮ መስመር ይዞ ይመለሳል።

2. ቆጠራው በ3 ክምር ይሁን

የሚሄድ፣ እንደገና የሚሠራ፣ የሚወገድ። ከመሬት በታች የተቀበረ ኬብል ቆፍሮ ማውጣት አያዋጣም፤ ሲጎተት ሽፋኑ ይላጣል፣ ውኃ ይገባዋል፣ ሜዳ ላይ ሲቀበር ደግሞ ሰልጣኙ የራሱን ስህተት ከኬብሉ ብልሽት መለየት ያቅተዋል። ቀሪ ቁርጥራጭ ኬብል ግን አይጣል። ለመግጠሚያ ልምምድ ከ1 ሜትር በላይ የሆነ ሁሉ ይጠቅማል።

የእንጨት ምሰሶዎችን አንድ በአንድ ፈትሹ። በመዶሻ ከመሬት ወለል እስከ 2 ሜትር ድረስ ዙሪያውን ምቱ፤ ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ደግሞ የታፈነ። ከዚያ ሥሩን 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩና በስክሩድራይቨር ውጉት። መበስበስ የሚጀምረው እዚያ አየርና እርጥበት በሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ላይ ላዩን ያማረ ምሰሶ እዚያ ጋ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ በእግር መውጫ ብረት ለዓመታት የተወጋ የልምምድ ምሰሶ መሐሉ ጤነኛ ቢሆንም ፊቱ ተሰነጣጥቆ ብረቱን ስለማይይዝ ይወገድ። በኬሚካል የታከመ ምሰሶ ማገዶ አይሆንም፤ ጭሱ መርዝ ነው።

መዝገቡ ላይ ከዕቃው ስምና ቁጥር ሌላ 3 ዓምድ ጨምሩ፦ ክብደት፣ የኃይል ዓይነት፣ ከፍታ። ከፍታው ለበር ነው። የመሣሪያ ራክ ብዙ ጊዜ ከ2 ሜትር ይበልጣል፤ በር ላይ ተይዞ ወደ ጎን ከተጋደመ በውስጡ ያሉት ካርዶች ከመቀመጫቸው ይላቀቃሉ።

መለያው ላይ የሚጻፈው ዕቃው የሚሄድበት ክፍል እንጂ የመጣበት አይሁን። «ከላብ 2» የሚል ወረቀት ለተሸካሚው ምንም አይነግረውም። «ምድር ቤት፣ ክፍል 4፣ ግራ ግድግዳ» የሚለው ግን ሰው ሳይጠይቅ ያደርሰዋል።

3. ግቢው ከመፈረሙ በፊት የሚለካ

ወለሉ። 48 ቮልት የሚሰጥ የባትሪ ባንክ 24 ባለ 2 ቮልት ሴሎች አሉት። 500 አምፒር አወር የሆነ አንድ ሴል ወደ 35 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ 24ቱ 840 ኪሎ ይሆናሉ። ይህ 1.2 ካሬ ሜትር በሚይዝ ባለ ሁለት ደርብ ማቆሚያ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር 700 ኪሎ ነው፣ የማቆሚያው ብረት ሳይቆጠር። የተለመደ የቢሮ ወለል የሚሠራው ለ250 እስከ 300 ኪሎ ነው። መልሱ ቀላል ነው፤ ባትሪው ምድር ቤት ይግባ። ሕንፃው ምድር ቤቱን ለሌላ ከሰጠና «2ኛ ፎቅ ሰፊ ክፍል አለ» ከተባላችሁ መሐንዲስ ሳይፈርምበት አትቀበሉ።

አፈሩ። የግራውንዲንግ መለኪያውን ይዛችሁ ሂዱ። የሙከራ ዘንግ ትከሉ፣ የከረንቱን ካስማ በ30 ሜትር፣ የቮልቴጁን ካስማ በርቀቱ 62 በመቶ ላይ ማለትም በ18.6 ሜትር ምቱ። አንብባችሁ ስታበቁ የመሐሉን ካስማ 2 ሜትር ወደ ፊት፣ 2 ሜትር ወደ ኋላ እያደረጋችሁ ድገሙ። ሦስቱ ንባቦች ከተቀራረቡ ልኬቱ ይታመናል፤ ከተራራቁ የሩቁ ካስማ ቀርቧልና አርቁት። ለመሣሪያ ክፍል በተለምዶ ከ5 ኦም በታች ይፈለጋል፤ አንዳንድ አምራች 1 ኦም ይጠይቃል። የአንድ የሙከራ ዘንግ ንባብ ከዚህ ቢበልጥ ግቢው አይረባም ማለት አይደለም፤ ስንት ዘንግ እንደሚያስፈልግ የምታሰሉበት ነው። በዝናብ ወቅት የተወሰደ ልኬት ያታልላል፤ እርጥብ አፈር ሁሉ ጥሩ ነው።

ውኃው። ማንሆል የሚሠራበት ቦታ ላይ 2 ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩና ለ3 ቀን ተዉት። ውኃ ከታየ ማንሆሉ ሁልጊዜ ፓምፕ የሚፈልግ ኩሬ ይሆናል።

ሰማዩ። ከግቢው በላይ ወይም አጠገብ የሚያልፍ የኃይል መስመር ካለ ምሰሶና ማማ ከመስመሩ ቢያንስ የራሳቸውን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቁ። ቢወድቁ እንኳ አይደርሱበትም ማለት ነው።

4. ሜዳው

ለአየር ኬብል ልምምድ በ25 ሜትር የተራራቁ 3 ምሰሶዎች በአንድ መስመር፣ 4ኛው ደግሞ ማዕዘን እንዲያስይዝ ወደ ጎን። ማዕዘን የሌለው ሜዳ ሰልጣኝን ያሳስታል፤ የኬብል ውጥረት ምሰሶ ሲያዘነብል የሚታየው ማዕዘን ላይ ነው።

የሚቀበረው ጥልቀት የምሰሶው ርዝመት አንድ አሥረኛ ሲደመር 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ለ8 ሜትር ምሰሶ 80 ሲደመር 60፣ 1.40 ሜትር። አፈሩ የላላ ወይም አሸዋማ ከሆነ ይጨመር። ጉድጓዱ ጠባብ ይሁን፤ በስፋት ተቆፍሮ በተመለሰ አፈር የተሞላ ምሰሶ ከመጀመሪያው ዝናብ በኋላ ይንቀጠቀጣል። አፈሩን በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር መልሱና እያንዳንዱን ሳትደቁሱ ቀጣዩን አትጨምሩ። አካፋ የያዙት 3፣ መደቆሻ የያዘው 1 ከሆነ ሥራው በፍጥነት ያልቃል፣ ምሰሶውም በፍጥነት ይጣመማል። ቁጥሩን ገልብጡት።

የመወጠሪያ ሽቦ በ45 ዲግሪ ሲሆን ጥሩ ነው፤ ምሰሶው ላይ በ6 ሜትር ከታሰረ መሬት ላይ በ6 ሜትር ርቀት ይተከላል። ቦታ ጠበበን ተብሎ ሲቀርብ ሽቦው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ መልህቁም ይነቀላል።

ማማው ላይ ትልቁ ስህተት የሚፈጸመው በብሎኖቹ ነው። ኮንክሪቱ ሲሞላ ብሎኖቹ በእጅ ከተያዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንሸራተታሉ። የማማው እግር አልገጥም ሲል ቀዳዳውን በእሳት ማስፋት ይጀመራል፤ እሱ ደግሞ ብረቱን ያዳክማል። የማማው እግር ቀዳዳ ልክ የተበሳ የብረት ሰሌዳ አዘጋጁ፣ ብሎኖቹን በሱ ላይ እሰሩ፣ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ አይነሳ። ለመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ኮንክሪቱን በእርጥብ ጆንያ ሸፍናችሁ ውኃ አጠጡት። በ7ኛው ቀን ሲያንኳኩት ድንጋይ ይመስላል፤ ያለው ጥንካሬ ግን በተለምዶ ከሙሉው ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው። ማማ ይቁም የሚል ግፊት የሚመጣውም በዚያው ሳምንት ነው።

ሁለቱን ማንሆሎች 40 ሜትር አራርቁ። መሐላቸው ያሉት ቱቦዎች ውኃው እንዲወርድ ወደ አንዱ በጥቂቱ ያዘንብሉ፤ ከመዝጋታችሁ በፊት በእያንዳንዱ ውስጥ የመሳቢያ ገመድ ይቅር።

5. ባትሪና ሬክቲፋየር

ከማላቀቃችሁ 24 ሰዓት በፊት ባንኩ ሙሉ በሙሉ ይሞላ። ሴሎቹን ከ1 እስከ 24 ቁጥር ስጧቸው፣ የእያንዳንዱን ቮልቴጅ መዝግቡ። ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። የቁልፎቹ እጀታ እስከ አፉ ድረስ በኢንሱሌሽን ቴፕ ይጠቅለል፤ ሁለት ጫፍ ላይ የወደቀ እርቃን ቁልፍ በቅጽበት ይቀልጣል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጭነቱን አጥፉ፣ ቀጥሎ የባትሪውን ብሬከር አጥፍታችሁ መስመሩን አቋርጡ፣ ከዚያ በ12ኛውና በ13ኛው ሴል መካከል ያለውን ማገናኛ ፍቱ። ይህች የመሐል ማገናኛ ስትነሳ 48 ቮልቱ ለሁለት 24 ይከፈላል፣ ቀሪው ሥራ አደጋው ይቀንሳል። በቴሌኮም ኃይል ላይ መሬት የሚይዘው ፖዘቲቩ መሆኑን አትርሱ። ከመኪና ባትሪ ጋር የለመደ ኤሌክትሪሺያን ኔጋቲቩን እንደ መሬት ያየውና ቁልፉን ራኩ ላይ ያስነካዋል።

ባትሪ መጋዘን ውስጥ ተረስቶ መቅረት የለበትም። የታሸገ ሊድ አሲድ ሳይነካ ተቀምጦ ከያዘው ኃይል በወር ወደ 3 በመቶ ያጣል፤ ሙቀት ሲጨምር ይፈጥናል። የአንድ ሴል ቮልቴጅ ከ2.10 በታች ከወረደ ሳትዘገዩ ቻርጅ አድርጉት፤ አለበለዚያ ሳህኖቹ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት አይለቅም። ሲመለስ ሴሎቹ በቁጥራቸው ቅደም ተከተል ይግቡ፣ ማገናኛዎቹ በአምራቹ የማጥበቂያ ልክ በቶርክ ቁልፍ ይጠበቁ፣ የፍሎት ቮልቴጁም (ባትሪው ሞልቶ የሚቆይበት) ብዙውን ጊዜ በሴል 2.25 አካባቢ ስለሆነ ለ24ቱ 54 ቮልት ላይ ይደረግ። አምራቹ ሌላ ቁጥር ከሰጠ የሱ ይበልጣል።

6. የፋይበርና የመዳብ ላቦራቶሪ

ከመዛወራችሁ በፊት እያንዳንዱን የልምምድ ፋይበር ጥቅል በኦቲዲአር (ብርሃን ልኮ የፋይበሩን ብክነትና የጉዳት ቦታ በግራፍ በሚያሳየው መለኪያ) በ1310ና በ1550 ናኖሜትር ለክታችሁ ግራፉን አስቀምጡ። ከተዛወረ በኋላ በዚያው የፐልስ ስፋት ድገሙና አስተያዩ። ጥሩ ፋይበር በ1310 በኪሎ ሜትር 0.35፣ በ1550 ደግሞ 0.20 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የብርሃን ብክነት መለኪያ) አካባቢ ያሳያል። በ1310 ብዙ ሳይለወጥ በ1550 ድንገት የወረደ ነጥብ ከታየ አልተሰበረም፤ የሆነ ቦታ ታጥፎ ተጨቁኗል። ፍቱና ዙሩን አስፉት፣ ብዙ ጊዜ ይድናል። ጥቅሎቹ በጎናቸው ተኝተው መጓዝ የለባቸውም፤ ንብርብሮቹ ተንሸራትተው አንዱ ሌላውን ይጨቁናል።

ፋይበር ከፋይበር የሚቀጥለው ማሽን፣ ስፕላይሰሩ፣ የራሱ ጠባይ አለው። ሁለቱን ፋይበር የሚያቀልጠው አርክ (የኤሌክትሪክ ብልጭታ) በአየር ግፊት፣ በሙቀትና በእርጥበት ይለዋወጣል። አዲሱ ግቢ ከፍታው ከተለየ ትናንት 0.03 ዲቢ ይሰጥ የነበረ ማሽን ዛሬ 0.15 ሊሰጥ ይችላል፤ አሰልጣኙም ሰልጣኙን አላጸዳህም ብሎ ይቆጣል። ስለዚህ ማሽኑ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ የክፍሉን ሙቀት ከያዘ በኋላ ኤሌክትሮዶቹን አጽዱና ከሜኑው የአርክ ካሊብሬሽን አሂዱ። «እሺ» እስኪል መደገም አለበት፤ 3 እና 4 ጊዜ መጠየቁ ብልሽት አይደለም። ከዚያ 10 ስፕላይስ ሠርታችሁ በኦቲዲአር ከሁለቱም ጫፍ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። ከ0.1 ዲቢ በላይ የሆኑት ከበዙ ቀጣዩ ተጠርጣሪ የፋይበር መቁረጫው፣ ክሊቨሩ ነው፤ በጉዞ ላይ ምላጩ ከቦታው ይነቃነቃል። የተሰበሰበው የፋይበር ስባሪ ክዳን ባለው ዕቃ ይወገድ እንጂ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ አይሂድ።

ኤምዲኤፉን (የስልክ መስመሮች ዋና ማከፋፈያ ፍሬም) በተመለከተ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ መንቀል ጊዜ ማጥፋት ነው። ብሎኮቹን ከነሽቦዎቻቸው ከፍሬሙ አንሱ፣ የማገናኛ ኬብሉን 2 ሜትር ትርፍ ትታችሁ ቁረጡ። መልሶ መግጠሙን ለቴክኒሻን አትስጡ። 25 ጥንድ በቀለም ኮዱ ለይቶ መቀጠል ለአዲሱ ዙር የመጀመሪያ መልመጃ ይሁን፤ ከዚህ የተሻለ እውነተኛ ሥራ አይገኝም።

7. የፖስታው ክፍል

እዚህ የሚዛወረው ዕቃ ብቻ አይደለም፣ የሥራው ፍሰትም ነው። የፖስታ ዕቃ በአንድ በር ገብቶ፣ ከረጢቱ ተፈትቶ፣ ተለይቶ፣ ታስሮ በሌላ በር ይወጣል። አዲሱ ክፍል አንድ በር ብቻ ካለው ገቢና ወጪ ከረጢት ይገናኛሉ፤ ይህ በእውነተኛ ቢሮ ደብዳቤ የሚጠፋበት አንዱ መንገድ ነው፣ ሰልጣኙም ስህተቱን እንደ ደንብ ይማረዋል። ሁለተኛ በር ማስከፈት ካልተቻለ ፍሰቱን በፈረስ ጫማ ቅርፅ አዙሩትና ወለሉ ላይ መስመር ቀቡ። የአደራ ዕቃ ቁም ሣጥኑ ከመተላለፊያው ይራቅ፣ ቁልፉም በፊርማ ይወሰድ።

የመለያ መደርደሪያዎቹን ሳትፈቱ ፎቶ አንሱ። የእያንዳንዱ ቀዳዳ ቦታ ትርጉም አለው፤ ብዙ ደብዳቤ የሚገባባቸው መሐል ላይ፣ እጅ ሳይዘረጋ በሚደረስበት ናቸው። ስያሜዎቹ በፊደል ተራ ተመልሰው ከተለጠፉ ያ ጥበብ ሁሉ ይጠፋል።

ሚዛን ላይ ብዙ ሰው ከፍታን ይፈራል። የስበት ኃይል በከፍታ መቀነሱ እውነት ነው፤ ወደ 1000 ሜትር ሲወጣ በ10 ኪሎ ላይ 3 ግራም ያህል ቢለይ ነው። 20 ግራም ደብዳቤ ላይ አይታይም፤ 30 ኪሎ ጥቅል ላይም 9 ግራም አካባቢ ነው። ሚዛንን በእውነት የሚያበላሸው መኪና ላይ የደረሰበት ምት እና ያልተስተካከለ ጠረጴዛ ነው። የጥቅል ሚዛን ሲጓዝ ሳህኑ ይነሳ፣ የማጓጓዣ ብሎን ካለው ይታሰር። ሲደርስ የውኃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪሆን እግሮቹ ይስተካከሉ፣ ከዚያ በታወቀ መለኪያ ክብደት መሐሉንና አራቱን ማዕዘኖች ፈትሹ። ማዕዘኖቹ ከተለያዩ የውስጥ ዳሳሹ ተጎድቷል፤ በማስተካከያ ቁልፍ አይድንም።

የቀን ማኅተሞች፣ የልምምድ ቴምብሮችና የባርኮድ ጥቅልሎች ከዕቃ መኪና ጋር አይሄዱም። ሁለት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፣ በአንድ ሣጥን ይታሸጋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ ሲከፈትም ሁለቱ ባሉበት ይከፈታል። የአሮጌው ቦታ ስም የተቀረጸበት ማኅተም በቃለ ጉባኤ ይሰረዝ። የልምምዱ ኮምፒውተር አዲሱ ኔትወርክ ላይ ሲገናኝ ከእውነተኛው የመከታተያ ሥርዓት ተለይቶ መቆየቱን አረጋግጡ፤ የሰልጣኝ ስካን ወደ ሕያው ሥርዓት ከገባ የሌለ ጥቅል ፍለጋ ይጀመራል።

8. ጉዞውና የሙከራው ሳምንት

የሰልጣኞች ማህደር፣ የውጤት መዝገብና የፈተና ወረቀት በተለየ መኪና፣ ከኃላፊ ጋር ይሂዱ። የሰርቨር ባክአፕ «ተወስዷል» ሲባል አትመኑ፤ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ ይከፈት። መሣሪያ ከቀዝቃዛ መኪና ወደ ሞቃት ክፍል ከገባ ውስጡ ጠል ስለሚቋጥር ጥቂት ሰዓታት ሳይበራ ይቆይ፤ ቢመረጥ እስከ ማግስቱ ይደር።

በሙከራው ሳምንት አሰልጣኞች እንደ ሰልጣኝ ሆነው እያንዳንዱን መልመጃ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሥሩ። ምሰሶው ላይ ቀበቶ ታጥቆ መውጣት፣ በ40 ሜትሩ ቱቦ ኬብል መጎተት፣ ኃይል ቆርጦ ባትሪው ጭነቱን መሸከሙን ማየት፣ 200 ደብዳቤ ለይቶ ማሰር። የጎደለው ሁሉ የሚታየው ያኔ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ትንንሽ ነገር ነው፦ የማንሆል ክዳን ማንሻ፣ የኦቲዲአሩ ማስጀመሪያ ፋይበር፣ የማሸጊያው ጉጠት።

ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ ምሰሶዎቹ እንደገና ይደቆሱ፣ በደረቁ ወራት ደግሞ ግራውንዲንጉ እንደገና ይለካ። ከ5 ኦም ካለፈ ዘንግ ጨምሩ፤ የዘንጎቹ ርቀት ከርዝመታቸው አይነስ።

አሮጌው ግቢ ውስጥ ምሰሶ የተነቀለበት 1.40 ሜትር ጥልቅ ጉድጓድ ባዶውን አይደር፤ በዚያው ቀን ይሞላ። ማንሆሎቹ ይሞሉ ወይም ይዘጉ፣ የቀረው የተቀበረ ኬብል መንገድ በካርታ ላይ ተስሎ ለተረካቢው ይሰጥ። የአሮጌው ስልክ መስመር ከመቋረጡ በፊት ጥሪው ወደ አዲሱ ይዛወር። የአድራሻ ለውጥ ቅጽም አትርሱ፤ ደብዳቤ ማዛወር የሚያስተምር ትምህርት ቤት የራሱን ደብዳቤ ሳያዛውር ሲቀር መሳቂያ ይሆናል።